መነጽራችሁን አታውልቁ

አባቴ ያለው አንድ ዓይን ነው። ሌላኛውን በወጣትነቱ የዓሣ መንጠቆ ወስዶበታል። በቀረችው ዓይኑ ግን ሰው የሞላ ጀልባ በድንጋዮች መካከል እያሾለከ ከወደቡ ወደ ሆቴሉ ሲያመላልስ ኖሯል፤ አንድም ቀን አልገጨም። እኔ የደሴቲቱ ዓይን ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ስለዚህ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ያሰበውን ስሰማ ደሜ ቢፈላ አይግረማችሁ።

ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ሊታይ ነው ተብሎ ሆቴሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እንግዶቹ ጥቁር የግርዶሽ መነጽር አድርገው ሰገነት ላይ ሲሰበሰቡ «አሁን መነጽራችሁን አውልቁ» ብሎ የሚያውጅላቸው ሰው ፈለገ። አባቴ በወጣትነቱ ሌላ ደሴት ላይ ሙሉ ግርዶሽ አይቷልና እሱን መረጠ። ዕድሜ ልኩን በጓሮ በር ሲገባ ለኖረ ሰው ማይክራፎን ሰጡት።

«አባዬ፣ ይሄ እንደዚያኛው አይደለም» አልኩት፣ ነጭ ሸሚዙን ሲተኩስ ደርሼ። «ያን ጊዜ ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሸፍናታለች። አሁን ራቅ ስላለች አትበቃትም፤ ዙሪያውን እሳት ይተርፋል። መነጽር የሚወለቅበት ጊዜ የለም።»

«አንቺ ሳትወለጂ ያየሁትን ልታስተምሪኝ ነው?»

«አዎ።»

«ጨለመ፣ ወፎቹ ዝም አሉ፣ አወለቅን። ይኸው ዓይኔ።»

«አንዷ።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። የሌላ አገር የሙሉ ግርዶሽ ፕሮግራም ገልብጦ፣ ቀኑን ብቻ ቀይሮ አሳትሞታል።

«ጌታዬ፣ ይህን ሲገለብጡ ማንን ጠየቁ?»

«እህቴ፣ እንግዶቼ ባሕር አቋርጠው የመጡት በጥቁር ፕላስቲክ ሊያዩ አይደለም።»

«ቢታወሩስ?»

«ካፒቴን አይተውታል እኮ። ምን ሆኑ?» አለኝ፤ አባቴን ማለቱ ነው።

አለማወቅ ይቅር ይባላል። አለማወቁን በሽማግሌ ጀርባ የሚከልል ሰው ግን ከእኔ ይቅርታ አይጠብቅ። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩትና በሩን በላዩ ላይ ደርግሜበት ወጣሁ።

በማግስቱ ሰገነቱ ላይ ከአባቴ ጎን ቆምኩ። ቀኑ እንደታመመ ሰው ገረጣ፤ ሙቀቱ ረገበ። በሽቦ አጥሩ ሥር ከተደረደሩት የገመድ ወንበሮች ቀዳዳ ያለፈው ብርሃን ወለሉ ላይ ትንንሽ ቀለበቶች ረጨ። እንግዶቹ አንገታቸውን አቅንተው «አቤት አቤት» ይላሉ። አባቴ ግን ጨለማውን እየጠበቀ ነው። ጨለማው አልመጣም። የባሕር ወፎቹም መንጫጫታቸውን አልተዉም።

«ካፒቴን፣ አሁን ነው። ይበሉ» አለ ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ።

«አልጨለመም፣ ጌታው።»

«ይበሉ እንጂ፣ ሊያልፍብን ነው።»

ከፊታችን ያለች ሴትዮ ከወዲሁ መነጽሯን ይዛ ትእዛዝ ትጠብቃለች።

«አባዬ፣ አትበል።»

«ቆይ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሰው ከማሳፈሬ በፊት ራሴ አያለሁ።»

ያሳደገኝን ሰው አውቀዋለሁ። ባሕሩ በተናወጠ ቁጥር ተሳፋሪውን ወደብ ላይ አቁሞ፣ መተላለፊያውን ብቻውን ወጥቶ አይቶ ይመለሳል። ክንዱን ለመያዝ ስወረወር መነጽሩን አውልቆ፣ በዚያች በአንዷ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ብርሃኑ ስለቀነሰ ዓይን አይጨፈንም፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ጎተትኩት። በቀላሉ የሚጎተት ሰው አይደለም።

ከዚያ መነጽሩን መልሶ ማይክራፎኑን አፉ ላይ ደቀነ።

«መነጽራችሁን አታውልቁ። ማንም እንዳያወልቅ። ልጄ እውነቷን ነው።»

ክርክሩን እንዲህ ረታሁ።

በነጋታው ጠዋት ክሊኒክ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጣቶቼን ዘረጋሁለት።

«ስንት ናቸው?»

«እጅሽ ይታየኛል።» ራሱን ወደ ጎን አዘነበለ። «ቀጥ ብዬ ሳይሽ ፊትሽ የለም። ጆሮሽ አለ፣ ጸጉርሽ አለ፤ መሃሉ ጭጋግ ነው።»

ሐኪሙ መረመረውና መድኃኒት እንደሌለው ነገረን። በወራት ሊሻለው ይችላል፤ ላይሻለውም ይችላል።

«ወደብ ያሉት እንዳይሰሙ» አለኝ አባቴ ሐኪሙ ሲወጣ። «በዓይኔ ጥግ እያየሁ እነዳለሁ።»

«የምትጭነው እኮ ሰው ነው።»

«ይሄን መች አጣሁት?»

«ካላጣኸው ቁልፉን ስጠኝ።»

ኪሱን ዳበሰ። ከዚያ የጀልባዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ መዳፌን ስቶ አየር ላይ ለቀቀው። ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሁለታችንም ሰማን። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ስልኬ ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ነው።

«እህቴ፣ ካፒቴን የት ገቡ? እንግዶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ማን ያሻግርልናል?»

«እዚህ ና» አልኩት። «መጥተህ ከፊቱ ቁጭ በልና እሱኑ ጠይቀው።»