ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ ሰባ ሁለት

8

ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ ሰባ ሁለት ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የመጠን ሳጥን ዘግቼ ደግሜ ከፈትኩት። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ሰባ ሁለት። ባለፈው ሳምንት በመካከላቸው የነበሩት የፊደል መጠኖች፣ ከአሥራ አራት እስከ አርባ ስምንት፣ የሉም።

9

ማስተዋል እባላለሁ። የብሎክ አምስት እድር ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት «ዲግሪ ያለው ማን ነው?» ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ ስላየኝ ነው። «እኔ አልችልም» ለማለት ጉሮሮዬን እስክጠርግ ጭብጨባው አልቆ ነበር።

ኮምፒውተሩ የእድሩ ንብረት ነው። አሮጌ ነው፤ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። የሚቀመጠው እኔ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ነው። እሱም የመጣው ጉሮሮዬን ስጠርግ ነው።

የዚህን ታሪክ ቁራጮች በፊደል መጠኖቹ ቁጥር ሰይሜያቸዋለሁ። ከአሥራ ሁለት በኋላ ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም።

10

ጋሽ አድማሱ ምድር ቤት ይኖራሉ። ሰፈራችን ሳይፈርስ በፊት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ እየዞሩ የሚለፍፉት እሳቸው ነበሩ። ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገባን ሰሞን አንድ ጊዜ ጥሩምባቸውን ደረጃው ላይ ነፉት። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እስከ ጣሪያ ወጣ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች የዓለም ፍጻሜ መስሏቸው ልብስ ሳይለብሱ ወጡ። ኮሚቴው ጥሩምባውን ከለከለ።

በምትኩ ንባብ ሰጣቸው። እኔ ማስታወቂያውን ምድር ቤት ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ እሑድ ጠዋት ጋሽ አድማሱ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብለው ያነቡታል። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት እሳቸው ያላነበቡት ማስታወቂያ እንዳልወጣ ይቆጠራል።

11

ዓይናቸው እየደከመ ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጥር ላይ ሲያነቡ አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ ደረሰ። በሚቀጥለው ጊዜ ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ስድስት ከፍ አደረግሁት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ደግሞ ሲጠጉ አሥራ ስምንት አደረግሁት። ሲጠጉ ስጨምር፣ ስጨምር ሲርቁ፣ ሰኔ ላይ ሠላሳ ስድስት ደረስን። ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ቀን ብቻ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ጽሑፍሽ እየጎላ መጣ።»

«ፕሪንተሩ ነው፣ ጋሼ።»

«እግዜር ይስጠው» አሉ። ፕሪንተሩን ነው።

12

(ከኮሚቴው ስብሰባ። የተገኙት፦ ሊቀመንበሯ እትዬ የሺመቤት፣ ንብረት ጠባቂው ጋሽ ክፍሌ፣ ጸሐፊዋ።)

እትዬ የሺመቤት፦ ዘመኑ ተለውጧል። ከእንግዲህ ማስታወቂያ በቴሌግራም ይሁን።

ጋሽ ክፍሌ፦ አድማሱስ?

እትዬ የሺመቤት፦ ይረፉ እንጂ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጮኹ ኖረው!

ጋሽ ክፍሌ፦ ማን ሊነግራቸው?



እትዬ የሺመቤት፦ ማስታወቂያ ይለጠፍ። ራሳቸው ያነቡታል።

ጋሽ ክፍሌ፦ የራሳቸውን መሰናበቻ?

እትዬ የሺመቤት፦ እሳቸው ካላነበቡት እንዳልወጣ ይቆጠራላ! ደንብ ነው። እኔ አላወጣሁት።

ጋሽ ክፍሌ፦ እሱስ ልክ ነሽ።

ጸሐፊዋ፦

(ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ስብሰባው ተዘጋ።)

14

የለም።

16

ይቺም የለችም። ግን ታሪኩ መቀጠል ስላለበት በባዶ ቦታዋ እገባለሁ።

መሰናበታቸውን ማስቀረት አልቻልኩም። ቢያንስ ግን ሰው ሁሉ እያየ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው፣ ፊደል እየለቃቀሙ እንዲሰናበቱ አልፈለግሁም። ቀጥ ብለው ቆመው ያንብቡት። ለዚህ የሚያስፈልገኝ ሠላሳ ስድስት ብቻ ነበረች።

18

የፊደል መጠን ከጠፋብዎ፦

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት። ካልሆነ ትንሽ አሳርፈው ያብሩት። ካልሆነ ቁጥሩን በሳጥኑ ውስጥ በእጅዎ ይጻፉት። (36 ብዬ ጻፍኩ። «ይህ መጠን የለም» አለኝ። «እባክህ» ብዬም ጻፍኩ። ይህ ቁጥር አይደለም አለኝ።) ካልሆነ ሁለተኛ ፎቅ ይውረዱና ሞባይል የሚጠግነውን ቃልአብን ይጥሩት።

ቃልአብ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ማስቲ፣ ይሄን ማን ነካው?»

«ብሎክ ሰባቶች ተውሰውት ነበር። ለሠርግ ጥሪ።»

«አበላሽተውታል። ፊደሉ ከዲስኩ እንደገና መጫን አለበት። ዲስኩስ?»

ዲስኩ አሮጌው ሰፈር፣ ከእድሩ ቤት ፍርስራሽ ሥር ነው።

እርስዎ አሁን «ሌላ ቦታ ሄደሽ ለምን አታሳትሚም?» ሊሉኝ ነው። የእድር ጽሑፍ ከእድሩ ዕቃ ውጭ አይዘጋጅም፤ ይህም ደንብ ነው። በእጅ እንዳልጽፈው ደግሞ የእጅ ጽሑፌን ለራሴም የሚያነብልኝ እፈልጋለሁ።

20

ነገሩን ለጋሽ ክፍሌ መንገሬ ስሕተት ነበር።

ጋሽ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድስትና ወንበር ሲያውሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። «ሲወጣ ሙሉ ነበር፣ ሲመለስ ጎደለ» ስላቸው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ኮታቸውን ለበሱና ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ብሎክ ሰባት ሄዱ። እኔ ለምስክርነት ከኋላ ተከተልኩ።

ጋሽ ክፍሌ፦ የተዋሳችሁትን አሟልታችሁ አልመለሳችሁም።

የብሎክ ሰባት ንብረት ጠባቂ፦ እንዴ! ከነሽፋኑ ነው የመለስነው።

ጋሽ ክፍሌ፦ ሽፋኑ አለ። ውስጡ ጎድሏል። ከአሥራ አራት እስከ አርባ ስምንት።

ንብረት ጠባቂው፦ ይሄ ሁሉ? እኛ እኮ የተጠቀምነው በአሥራ ስድስት ብቻ ነው።

ጋሽ ክፍሌ፦ መልካም። እሷንስ የት አደረጋችኋት?

ንብረት ጠባቂው ሊመልስ አፉን ከፈተና ወደ ግምጃ ቤቱ ዞሮ አየ። እውነት የፈለጋት ይመስላል።

22

ማምሻውን ከብሎክ ሰባት የካሣ ዕቃ መጣ። ሁለት ትልልቅ የወጥ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ጭልፋ። ጋሽ ክፍሌ እያገላበጡ አዩና ተቀበሉ።

«በቃ፣ ተሟላ» አሉኝ።

ጭልፋው የሠላሳ ስድስት ምትክ መሆን አለበት።

24

26

28

36

የለችም። ጭልፋ አለ።

48

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ አድማሱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው በሬን አንኳኩ። እንደዚህ አድርገው አያውቁም። አልገቡም። የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ።

«ነገ ማስታወቂያ አለ አሉኝ።»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ረጅም ነው?»

«አጭር ነው።»

«ፕሪንተሩ ደኅና ነው?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። «ደኅና ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ችግር የለም» ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወረዱ።

እስኪርቁ ጠብቄ ሳጥኑን ከፈትኩና ሰባ ሁለትን መረጥኩ። በሰባ ሁለት አንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚገባው፤ እያንዳንዱን ቃል በየራሱ ወረቀት አተምኩት። እሑድ ማለዳ ከምድር ቤት ጀምሬ፣ ሙጫ እየቀባሁ፣ ደረጃ ለደረጃ ለጠፍኩት። የመጨረሻው ቃል፣ «ይቀራል»፣ በሬ አጠገብ ደረሰ። ሙጫውን ቀባሁ። ወረቀቱን ግን አልለጠፍኩትም። እጄ ላይ እንደያዝኩት በደረጃው ክፍተት ቁልቁል ማየት ጀመርኩ።

72

የተከበራችሁ

ጋሽ አድማሱ ከግድግዳው ራቅ ብለው፣ ማዶ ደረጃው ሥር ቆመው አነበቡት። የተሰበሰበው ሰው ተያየ። እንዲህ ርቀው ቆመው አይተዋቸው አያውቁም።

ነዋሪዎች

«የት አለ ቀሪው?» አለ አንዱ። «ላይ ነው!» አለ ሌላው። ጋሽ አድማሱ ወጡ። ሰዉ ተከተላቸው።

ከመስከረም

ጀምሮ

አንደኛ ፎቅ ያሉት በር ከፍተው ወጡ። የጋሽ አድማሱ ድምፅ ደረጃውን ሞላው። ጥሩምባው የተከለከለበት ያው ደረጃ ነው።

የእድሩ

ማስታወቂያ

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቃልአብ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። አንዲት ሴት «ማን ሞተ?» ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እትዬ የሺመቤት ከሰልፉ መሐል እያለከለኩ «ማንም አልሞተ! ማስታወቂያ ነው! ይሄ ሁሉ ወረቀት በማን ፈቃድ ነው?» አሉ።

በጋሽ

እዚህ ዘገዩ።

አድማሱ

አነበቡት። ከዚያ ፈገግ አሉ። «ስሜን እንዲህ በትልቁ አይቼው አላውቅም» አሉና ለሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ደገሙላቸው። አጨበጨቡላቸው። ለምን እንደሚያጨበጭቡ አላወቁም።

መነበቡ

ፈገግታው ቀረ። የቀረውን ደረጃ ቀስ ብለው ወጡ፤ እኔ ወደቆምኩበት። ባዶው ግድግዳ ላይ ሙጫው ያብለጨልጫል። ራቅ ብለው አዩት። ቀረብ ብለው አዩት። በመጨረሻ በጣታቸው ነኩት።

«አንድ ወረቀት ይጎድላል» አሉ።

«ብሎክ ሰባቶች!» አሉ ጋሽ ክፍሌ ከታች።

«የምን ብሎክ ሰባት! እጇ ላይ ነው እኮ!» እትዬ የሺመቤት ደረሱ። «ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ ልጅ? ለጥፊውና ያንብቡት፣ እንገላገል!»

ጋሽ አድማሱ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ወረቀቱን የሚወስዱት መሰለኝ። ግን ጣቶቼን ነው መልሰው የዘጉት፣ ወረቀቱ ላይ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ፤ ለኔ ሳይሆን ለደረጃው ሁሉ። «እስከዚህ ፎቅ ድረስ ያደረሰችኝ እሷ ናት። የቀረውን እሷ ታንብብልኝ።»

ከዚያ ዝቅ ብለው፦ «ጮክ አድርጊው፣ ማስቲ። ምድር ቤት የቀሩ አሉ።»

እኔ በሕይወቴ ከስምንት በላይ ተናግሬ አላውቅም።

ወረቀቱን አጣጠፍኩት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ስብሰባ የዘጋ፣ ያጨበጨበ የለም። ሁሉም ይጠብቃል።

72

«                                        »