የኩሬው ጭቃ

ኖሪን መኪናዋን ከበረቱ አጠገብ ስታቆም ሽታው ገና ከበሩ ተቀበላት። ትናንት ያ ባለ ትልቅ ቀንዱ አጋዘን ምላሱ አብጦና ጠቁሮ፣ ግማሽ አካሉን ኩሬው ውስጥ ነክሮ ሞተ። ከእሱ በፊትም ሌሎች ሞተዋል። አሁን በእርሻቸው የቀሩት ከአፕል ዛፎቹ ሥር የሚያድሩት እናትና ሁለት ግልገሎቿ ብቻ ናቸው። ኖሪን ሥራዋን ጥላ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ስብሰባ ላይ የዋለችው እነሱን የሚያተርፍ ነገር እሰማለሁ ብላ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ዴልበርት ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደጅ ላይ ጠበቃት።

"እሺ፣ የዱር እንስሳቱ ሹም ምን አለ? በሽታው መድኃኒት አለው?"

"የለውም።"

"ክትባትስ?"

"ጫካ ለጫካ ማን እያሯሯጠ ይወጋቸዋል? የምታዛምተው ትንኝ ናት አለ። የታመመውን ነክሳ ጤነኛውን ትነክሳለች። ውርጭ ወርዶ እስኪፈጃት መጠበቅ ነው አለ።"

"መጠበቅ! ለዚህ ነው ምሳሽን ሳትበዪ የሄድሽው? መጠበቅማ እኔም እዚሁ ተጋድሜ እችልበታለሁ።" ሳቀ። "ግን አልጠበቅኩም። ነይ እይ።"

ተከተለችው። አባታቸው የቆፈረው ኩሬ መሐሉ ላይ ትንሽ ውሃ አቁሮ ቀርቷል። የቀረው ሁሉ ጥቁር፣ እርጥብ ጭቃ ሆኖ በፀሐይ ያብረቀርቃል።

"ሁሉም የሚሞቱት እዚህ ነው" አለ ዴልበርት። "ውሃው ተመርዟል ብዬሽ አልነበር? የማፍሰሻውን ቧንቧ ከፈትኩት። የሚጠጡት ሲያጡ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።"

ሹሙ በስብሰባው ላይ የነገራቸው ግን ሌላ ነው። አጋዘኖቹ ወደ ውሃ የሚመጡት ትኩሳቱ ሲያቃጥላቸው ነው። ትንኟም የምትፈለፈለው ጥልቁ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ዳር ዳሩን ባለው ጭቃ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ጭቃው ጠባብ ቀለበት ነበር። አሁን ኩሬው ሁሉ ዳር ሆኗል።

"ዝጋው።"

"ምን ሆንሽ?"

"ዝጋው አልኩህ! ለትንኟ እኮ ማሳ አረስክላት!"

የሰማችውን ስትነግረው ፊቱ ቀላ። "ታዲያ አትደውዪም?"

"ስደውል ነው የዋልኩት! ስልክህን ትራክተሩ ላይ ጥለህ ትሄዳለህ፣ ከዚያ አልተደወለልኝም ትላለህ!"

ጭቃው ውስጥ ገብቶ መዝጊያውን እየተሳደበ አጠበቀው። ምን ዋጋ አለው፤ ዝናብ ከጠፋ ከርሟል፤ ኩሬውን የሚሞላው የለም።

በዚህ መሐል እናቲቱ ከአፕል ዛፎቹ ወጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እየተንገዳገደች መጣች። ኖሪን አጨበጨበች፤ ጮኸች። የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ እልም ትል የነበረችው አጋዘን ዛሬ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። በአጠገባቸው አልፋ ጭቃው ላይ ተኛች።

ግልገሎቹ ከኋላዋ ነበሩ።

"እነሱን አባር!" አለች ኖሪን። "ዴልበርት፣ እነሱን!"

ቆቡን እያወናጨፈ ሮጠ፤ እሷም በሌላ በኩል። ግልገሎቹ ደንብረው ሽቅብ ወደ ኮረብታው ፈረጠጡ። ከአጥሩ ሲደርሱ ግን ቆሙና ዞሩ።

"ሂዱ እንጂ!" አለ ዴልበርት እያለከለከ። "ሂዱ፣ እናንተ ደንቆሮዎች!"

አንደኛው እናቱን እያየ ቀስ ብሎ ቁልቁል መውረድ ጀመረ።