ቀዩ እርጎ

ታላቅ እህቴ ደረጃ መውጣት ያቃታት ቀን «ቤቱ ነው ወደ ላይ ያደገው» አለች። ቀልድ የቤታችን ውርስ ነው፤ እኔ ላይ ሲደርስ ግን ውሸት ሆነ ይላሉ። ስም ማጥፋት ነው! እኔ ነገር አሳድጋለሁ እንጂ አልዋሽም። የጎረቤታችን ላም ታልባ ታልባ፣ ወተቷ አልጋችንን እንደ ጀልባ አንሳፍፎ ከቤት አወጣው ብዬ አውርቻለሁ። ላሚቱ የለችም ወይ?

ሐኪሙ የእህቴን ደም አስመርምሮ «ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን አንሶሻል፤ ልብሽን ያደከመው እሱ ነው» አላት። ኪኒኑን ሆዷ አልቀበል ብሎ መለሰው። በምግብ ፈልጊው ተባለች።

እኔ ደግሞ ወተት ፋብሪካ በርሜል አጣቢ ነኝ። እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ አንዲት ባለ ነጭ ጋዋን አለች፤ ሲፈጥራት ሳቅ አልደረሳትም። እርጎ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ሴሊኒየም ትቀልባቸዋለች። እነሱ ማዕድኑን ከገላቸው ያዋህዱታል፤ ሰው እነሱን ሲበላ ያገኘዋል። ሲጠግቡ ደግሞ ይቀላሉ፤ እርጎው የጡብ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ይህን ስሰማ ቅናት ገደለኝ። እንዲህ ያለ ወሬ እኔ ሳልፈጥረው!

ቀዩ እርጎ ገበያ ወጣ። ሰው «ደም አለበት» ብሎ ሸሸው። ሥራ አስኪያጃችን መላ አላጣም፤ ባክቴሪያዎቹ ጦማቸውን ይደሩ አለ። እርጎው ነጣ። ማሸጊያው ላይ «በሴሊኒየም የበለጸገ» የሚለው ጽሑፍ ግን ንቅንቅ አላለም። እህቴ ጠዋት ማታ የምትበላው ይህን ነጩን ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ባዶ ነው» አልኳት። «ዋናው ቀይ ነው። ባክቴሪያዎቹ ማዕድን በልተው ሲጠግቡ ይቀላሉ።»

ባሏ ሶፋው ላይ በሳቅ ተንከባለለ። «ማዕድን በልተው? አንቺ፣ ማንኪያዎቹን ደብቂ!»

«እናቴ ትሙት!»

«እናታችንን ስንቴ ትገድላታለህ?» አለች እህቴ። «ማሸጊያው ማኅተም አለው። አንተ ምን አለህ?»

ምን አለኝ? ምላስ ብቻ። የእኔ ቃል ካልተሰማ የነገሩ ባለቤት ትናገር ብዬ ባለጋዋኗን ደጅ ጠናሁ። ሰው እንዲህ ለምኜ አላውቅም። በመጨረሻ አንዲት ብልቃጥ በጋዋኗ ኪስ ይዛ እህቴ ቤት መጣች።

«ቀዮቹ ባክቴሪያዎች ከመደፋታቸው በፊት አድርቄ ያተረፍኳቸው ናቸው» አለቻት፣ ቀዩን ዱቄት እያሳየች። «በቀን በዚህች ማንኪያ አንድ ጊዜ፣ እርጎ ላይ። ለወራት ይበቃዎታል። ከዚያ በላይ ግን እንዳይወስዱ፤ ሲበዛ ጠጉር ያረግፋል።»

ምነው ይህችን ባትላት! ዝም ብትል ምን ነበረበት? እሷ ግን ግማሽ እውነት አታውቅም።

የእህቴ ባል ሁለት እጁን መላጣው ላይ ጫነ። «ለካ እኔ ይሄንን ስበላ ነው የኖርኩት!»

እህቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች። «ጓደኛህን ቱታ አልብሰህ፣ ‹ከውሃ ክፍል ነኝ፣ ነገ በቧንቧ ወተት ይለቀቃል› አስብለህ ባልዲ ያስደረደርከኝን የረሳሁት መሰለህ? ደግሞ ይቺንስ ከየት አመጣሃት? ፊቷ ግን አንደኛ ነው፤ አንዴም አልሳቀችም!»

«እትዬ፣ በፈጠረሽ፣ ዛሬ እውነቴን ነው።»

«ያኔም እንዲሁ ነው ያልከው።»

ብልቃጡን ከሴትዮዋ እጅ ወስዳ የዕቃ ማጠቢያው ላይ ገለበጠችው። ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ቀላ፣ ነጣ፣ ሄደ።

ባለጋዋኗ ባዶ ብልቃጧን አንስታ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

«ሌላ ይኖራል?»

«የለም። የቀሩት የነበሩበትን ማቀዝቀዣም አጥፍተውታል» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።

መንገድ ላይ ስንደርስ መስኮቱ ተከፈተና እህቴ አንገቷን አወጣች።

«ስማ አንተ ቀጣፊ! ሌላ ጊዜ የተሻለ ነገር ፍጠር! ይሄኛው...»

ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። በአንድ እጇ የመስኮቱን ጠርዝ፣ በሌላው ደረቷን ይዛ፣ አፏን ከፍታ አየር ፈለገች። ሮጬ ልመለስ ስል ባሏ ከኋላዋ ብቅ አለ፤ ትከሻዋን ደግፎ ወደ ውስጥ ሳባት።

«ደከመሽ እኮ» ሲላት ከታች ይሰማኛል። «ነይ፣ እርጎሽን ብዪ።»