ሦስት ጊዜ የሚጠየቁ ሰው

ከቤታችን እስከ ሐኪም ቤቱ ሃያ ስድስት ደረጃ ነው። በሁለት ግንብ መካከል ይወርዳል፤ እጅ የሚይዘው ብረት አልነበረውም። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ እናቴ ያፋ መድኃኒቷን ይዛ ስትመለስ አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ተንሸራተተች። ጉልበቷ አብጦ ሦስት ሳምንት ተኛች። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ታከለ ስለ ሌላ ነገር ብዙ አያወሩም ነበር። በደረጃው በወጡ በወረዱ ቁጥር ግንቡን በእጃቸው መታ መታ ያደርጉና፣ «እዚህ ላይ አንድ ብረት» ይሉ ነበር።

አንድ ብረት ለማስተከል ግን የሰፈሩ ኮሚቴ መጠየቅ አለበት። እኛ ቫአድ እንለዋለን። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ የሰፈሩን ጉዳይ ለኢሪያ፣ ማለት ለአሽዶድ ከተማ አስተዳደር የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። እስከ 2016 ድረስ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ላይ ይመርጥ ነበር። ብዙ ድምፅ ያገኙት ሰባት ሰዎች ይገባሉ። ከላይ፣ በመናፈሻው ዙሪያ፣ ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ፤ ከእነሱ የአንዱ ሕንፃ ሰው ብቻ ከእኛ የአንድ መንገድ ሰው ይበልጣል። ስለዚህ የእኛ አራት መንገዶች ማንንም ቢመርጡ ሰባቱም ሁልጊዜ ከመናፈሻው ዙሪያ ይሆኑ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። መናፈሻው ጥሩ ዥዋዥዌና ሦስት የመጠጥ ውሃ ቧንቧ አለው። በእኛ ደረጃ የሚወርድ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

በዚያ ዓመት ደንቡ ተለወጠ። ሰፈሩ በሰባት ክፍል ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ክፍል ከራሱ መንገዶች አንድ ሰው ይመርጣል። እኛ ሰባተኛ ክፍል ሆንን። ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ ለአባቴ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፈው የጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አስቀመጡት።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከጸሎት በኋላ፣ አቶ አበሩ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አቶ አበሩ ከጎንደር ጀምሮ የአባቴ ጎረቤት ናቸው፤ እዚህም ሁለት ደጅ አልፈው ነው የሚኖሩት።

«ታከለ፣» አሉ፣ «መንገዱ ሁሉ አንተን ብሏል።»

«እኔ ምን አውቄ። ፊደል እንኳ በስተርጅና የቆጠርሁ ሰው።»

አቶ አበሩ እንዳልሰማ ሰው የቀረበላቸውን ለውዝ እየላጡ ስለ ልጃቸው አዲስ መኪና አወሩ። ለውዙ ሲያልቅ፣ «እንግዲህ ያለኸው አንተ ነህ» አሉ።

«ከእኔ የሚሻል ጠፍቶ ነው? አንተ ራስህ አለህ አይደለም?»

«እኔማ ጆሮዬ አይሰማም።»

«ሐሜቱን ግን ይሰማል።»

«እሱን ደኅና አድርጎ።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አቶ አበሩ በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። «ታከለ፣ አሳፍረህ አትመልሰን።»

አባቴ ምንም አልተናገሩም። ወለሉን አዩ። ሽማግሌዎቹም መርቀው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ክብር ሲሰጥህ በመጀመሪያው «እኔ ማን ነኝ» ትላለህ፣ በሁለተኛው የሚሻልህን ትጠቁማለህ፣ በሦስተኛው ዝም ትላለህ። ዝምታው እሺ ነው። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ሲመኘው የኖረ ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አይታመንም።

እህቴ ኦዴል ወታደር ናት። እዚህ ስለ ተወለደች አባቴን «አንተ» ትላቸዋለች። ቅዳሜን ለማሳለፍ መጥታ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበርና ወጥታ፣ «አባ፣ እና እሺ ብለሃል ወይስ አላልክም?» አለቻቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አሸር፣ ይህችን ልጅ አስተምራት።»

እሑድ ቅጹን ሞላሁ። እናቴ እያነከሰች ከመንገዱ ሠላሳ ፊርማ ሰበሰበች። የተወዳዳሪው ፈቃድ በኋላ በስልክ ይጠየቃል ይላል ወረቀቱ። እኔም ቅጹን በአውቶቡስ ሃኪርያ፣ የኢሪያው ቢሮ ወዳለበት ሰፈር፣ ወስጄ፣ ቢሮው በር ላይ በተሰቀለው ሳጥን ውስጥ ከትቼ ተመለስሁ። ከማንም ጋር መነጋገር ስላላስፈለገኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ስልክ ተደወለ። አባቴ ስልክ የሚያናግሩት ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፍተው ነው።

«ታከለ? ሺፍራ ነኝ፣ ከኢሪያ» አለች አንዲት ሴት በዕብራይስጥ። «ለሰባተኛ ክፍል ስምህ ቀርቧል። መወዳደር ትፈልጋለህ?»

የአባቴ ፊት በራ። ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። «ሎ፣ ሎ፣» አሉ፤ «አይ፣ አይ» ማለት ነው፤ «እኔ ማን ነኝ? ተራ ሰው ነኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ።»

«እሺ። አመሰግናለሁ፣ መልካም ቀን።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሁለት ጊዜ ጠየቀች» አሉ። «ጨዋ ልጅ ናት። ነገ ትደውላለች።»

እኔ ከአጠገባቸው ነበርሁ። የሆነው ነገር ወዲያው ገብቶኛል። እሷ «እርግጠኛ ነህ» ስትል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን አባትን ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ማቋረጥ አልለመድሁም፤ መልሼ ዘጋሁት።

ረቡዕ አልደወለችም። ሐሙስም አልደወለችም። አባቴ ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ነበር። እሑድ ከብርቱካን ማሸጊያው ከሥራ ስመለስ የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ሰፈር ውስጥ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ። በሰባተኛ ክፍል አንድ ስም ብቻ ነበር፤ መናሔም። መናሔም በመንገዳችን ጫፍ የመስኮት ብረት የሚበይድ ሰው ነው። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን የሚፈልገው ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ነው፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደውም በመኪና ነው። ከዝርዝሩ ሥር፣ ቅሬታ ያለው እስከ ነገ ሰኞ ቀትር ሃኪርያ ይቅረብ ይላል።

ቤት ገብቼ ነገርኋቸው። 

ኦዴል በስልክ ከጦር ሰፈሯ፣ «አባ፣ ደውልና እፈልጋለሁ በላቸው፣ አለቀ» አለች።

«እፈልጋለሁ?» አሉ አባቴ። ቃሉን ትኩስ ነገር እንደ ነካ ሰው ነው ያወጡት። «ሹመት ለምኜ? ነገ በምኩራቡ በር እንዴት አድርጌ እገባለሁ?»

«እንግዲያው ጉልበቴ ሄዶ ይለምን» አለች እናቴ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ።

«አልጠየቁኝማ» አሉ አባቴ ቀስ ብለው። «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጠየቁኝ።»

ሰኞ ጠዋት ለማንም ሳልነግር ወደ ሃኪርያ ሄድሁ። የምለውን በወረቀት ጽፌ አውቶቡሱ ውስጥ ደጋግሜ አነበብሁት። ቢሮው ስደርስ ወረቀቱ በላቤ ርሶ አይነበብም ነበር። ሺፍራ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ ኪያር ትበላለች።

«አባቴ እንቢ አላሉም» አልኋት።

«ማነው አባትህ?»

«ታከለ። ሰባተኛ ክፍል።»

ኮምፒውተሯን አየች። «ሎ ብሏል። እንዲያውም እርግጠኛ ነህ ብዬዋለሁ።»

«አዎ። ሦስተኛውን ግን አልጠየቅሽም።»

ኪያሩን አስቀመጠች። «ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?»

«ሦስት።»

«በሦስተኛው አዎ ይላል ማለት ነው?»

«በሦስተኛው ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ እሺ ነው።»

«ስምህ ማነው?»

«አሸር።»

«አሸር፣ የእኔ ቅጽ ሁለት ሳጥን ነው ያለው። አዎ እና አይደለም። ዝም የሚል ሳጥን የለኝም።»

በሌላው ጠረጴዛ የነበረው ሰው ሳቀ። ፊቴ ጋለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ እወጣ ነበር። ግን እናቴ የወደቀች ቀን ክኒኖቿ እስከ ታችኛው ደረጃ ተበታትነው፣ ከዝናቡ ውሃ ውስጥ አንድ በአንድ የለቀምሁት እኔ ነኝ። እሱን ነገርኋት። ስለ ደረጃው፣ ስለ ግንቡ፣ አባቴ በእጃቸው መታ መታ ስለሚያደርጉት ቦታ ነገርኋት። ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ የሳቀው ሰው ወንበር አቀረበልኝ።

ሺፍራ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ለቀትር ሃምሳ ደቂቃ ይቀራል። «የእኔም አያት እንዲህ ነበረች» አለች። «ኬክ ሲያቀርቡላት አልፈልግም ትላለች። አንድ ቤት ደግመው ሳይጠይቋት ቀሩና እስክትሞት ድረስ ቤቱን ስታማ ኖረች።» ስልኩን አነሣች። «ምን ልበለው?»

«ጠይቂያቸው። ከዚያ አሳፍረህ አትመልሰን በያቸው። ዝም ሲሉ አንቺም ዝም በይ። እንዳትዘጊው።»

ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው። አባቴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ።

«ታከለ፣ ሺፍራ ነኝ። እንደገና ልጠይቅህ ነው። የሰባተኛ ክፍል ሰዎች አንተን ይፈልጋሉ። ትወዳደራለህ? እባክህ፣ አሳፍረህ አትመልሰን።»

ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ከስልኩ ውስጥ የሚሰማው የእናቴ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ዜና እያነበበ ነበር። ሺፍራ ልትናገር አፏን ከፈተች። እጄን አነሣሁ። አፏን ዘጋች። የአየር ጠባይ ትንበያው ተጀመረ። እሷ ስልኩን እያሳየች በከንፈሯ ብቻ «ተቋርጧል?» አለችኝ። አልተቋረጠም ስል ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ ያለ ዝምታ ለእሷ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አየሁ፤ እስክሪብቶዋን በጥርሷ ይዛ ነበር።

«የት ነው የሚፈረመው?» አሉ አባቴ።

«ሃኪርያ። እስከ ቀትር።»

«መጣሁ።»

ወዲያው የቤታችን በር ሲዘጋ ተሰማ። ጫማቸውን አድርገው ነበር የጠበቁት።

ለቀትር አሥር ደቂቃ ሲቀር የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ ከታክሲ ወርደው ገቡ። ለብቻቸው ታክሲ ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው። እኔን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ ትከሻዬን ብቻ ያዝ አደረጉኝ። ሺፍራ ቅጹን አወጣች፣ አንዱ ሳጥን ላይ ምልክት አደረገችና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው።

«ምን ብላ ጻፈች?» አሉኝ በአማርኛ።

«አዎ ብላ።»

«አዎ አላልሁም እኮ» አሉ እየፈረሙ።

የምርጫው ቀን ካልፒው፣ የድምፅ መስጫው ሳጥን፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። መናሔም በሩ ላይ ቆሞ አባቴ ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ጨበጣቸው።

«ታከለ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ለራሴ ሰጠሁ። አንተስ?»

«እኔም ለአንተ።»

መናሔም ሳቀ። ቀጥሎ ግን አባቴ እንደማይቀልዱ አየ። «ለምንድን ነው ለእኔ?»

«ራሱን የሚያጎርስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ይህን ለመናሔም በዕብራይስጥ ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ኦዴል የደንብ ልብሷን እንደ ለበሰች ከእረፍት መጥታ አጠገባችን ቆማ ነበር። «አባ፣ በአንድ ድምፅ ብትሸነፍ ቤት አትምጣ» አለቻቸው።

አልተሸነፉም። አባቴ መቶ አርባ ሁለት፣ መናሔም ዘጠና ሰባት። መናሔም መጥቶ እንኳን ደስ አለህ አላቸውና፣ «ከዘጠና ሰባቱ አንዱ የአንተ ነው፤ አልረሳልህም» አላቸው። «ብረቱን ሲጠይቁህ ወፍራም ይሁን በል። ቀጭኑን የባሕሩ አየር በሦስት ዓመት ይበላዋል።» አባቴም በመጀመሪያው ስብሰባ በዚያው ቃል ተናገሩ። የመኪና ማቆሚያውንም ጨምረው አነሡ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ብረቱ የተተከለው ከፋሲካ በኋላ ነው። አረንጓዴ ነው፣ ወፍራም ነው፣ አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ አባቴ በእጃቸው ሲመቱት በኖሩት ቦታ ላይ በትልቅ ቡሎን ታስሯል። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሲሄዱ የመንገዱ ሰው ሁሉ ከላይ ተሰብስቦ ቆመ። መናሔምም መጥቶ ብየዳውን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር። እናቴ በትሯን ይዛ ከፊት ቆማለች።

«ያፋ፣ አንቺ ቅደሚ» አሉ አባቴ።

ሰው ሁሉ እንቢታዋን ለመስማት ዝም አለ። አቶ አበሩ ሁለተኛውን ልመና ሊለምኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እናቴ በትሯን ለእኔ ሰጠችኝ። እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ ሃያ ስድስቱንም ደረጃ ሳትቆም ወረደችና ከታች ሆና ወደ እኛ ቀና አለች።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» አለች። «ኑ እንጂ።»