ያልታዘዘው ምርመራ

ቀዶ ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ በሩ ሲያመራ፣ የሥልጠናው አስተባባሪ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ከወጡ የጣት አሻራ መሣሪያው ይመዘግባል። ሰዓቱ አይያዝልዎትም።»

«ሽንት ቤት ነው እኮ!»

«አሁን ከዚያ መምጣትዎ አይደል?»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እሱም ፊቱን ቅጭም አድርጎ ተመለሰና ከማደንዘዣ ሐኪሙ አጠገብ ዘጭ አለ። ሆስፒታሉ ውስጥ «ነፋሱ» ነው የሚሉት። ሌላው ሦስት ሰዓት የሚፈጅበትን ቀዶ ሕክምና በሁለት ሰዓት ጨርሶ ጓንቱን ያወልቃል። እንዲህ ላለ ሰው ስለ ካንሰር ዕጢዎች አዳዲስ ሕክምና ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መስማት ቅጣት ነው። ድሮማ ጠዋት ፈርሞ ውልቅ ነበር፤ የምስክር ወረቀቱ ራሱ ቢሮው ድረስ ይመጣለታል። ዘንድሮ ይህ የጣት አሻራ የሚሉት ጣጣ መጣና እንደ ተማሪ አስቀመጠው።

«ነገ ጠዋት ሹፌሩ አለብኝ» አለ በሹክሹክታ።

«እና? ነገ ነገ ነው። ተቀመጥ ባክህ፣ ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አለው የማደንዘዣ ሐኪሙ።

ሹፌሩ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል። የፊንጢጣ ካንሰር ተገኝቶበት ነገ ፊንጢጣው ሊወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነው የሚጸዳዳው። ትላንት የስምምነት ወረቀቱን ሲፈርም «ሌላ አማራጭ የለም?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ቀዶ ሐኪሙም አፉን ሞልቶ «የለም» ብሎታል።

መድረኩ ላይ የቆመችው የካንሰር ሐኪም የቀድሞ ተማሪው ናት።

«ወደ ፊንጢጣ ካንሰር ልምጣ» አለች። «ከመቶ ሕመምተኞች ምናልባት አምስቱ ላይ ዕጢው የተለየ ጠባይ አለው። እነዚህን የሰውነትን መከላከያ በሚያነቃ መድኃኒት ስናክማቸው፣ የብዙዎቹ ዕጢ ጨርሶ ይጠፋል፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ አስቀድሞ ናሙናው ይመርመር። በተለይ ሕመምተኛው ወጣት ከሆነ፣ በቤተሰቡም የአንጀት ካንሰር ካለ።»

ሲወዛወዝ የቆየው የቀዶ ሐኪሙ እግር ቀጥ አለ። የሹፌሩ እናት የሞቱት በአንጀት ካንሰር ነው። መዝገቡ ላይ የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

«ይህ እንግዲህ አዲስ አይደለም» ቀጠለች። «የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ አዳራሽ ተነጋግረንበታል። አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ፣ አይደል?»

ራሶች ተነቀነቁ። የእሱም ራስ ባለቤቱን ሳያማክር አብሮ ተነቀነቀ። የዚያን ቀን ፈርሞ ወጥቶ ነበር። የምስክር ወረቀቱ ግን በመስታወት ተደርጎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አፈረ።

«ምን ሆንክ?» አለው የማደንዘዣ ሐኪሙ።

«ምርመራውን አላዘዝኩም።»

«ለሹፌሩ?»

«ለማንም።»

ተነሳ። አስተባባሪዋ «ዶክተር፣ ሰዓቱ...» ስትል፣ «ይቅርብኝ!» ብሏት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ደወለ።

«ዶክተር! ሰላም ነው? ልተኛ እየመጣሁ ነው፤ ባለቤቴ ሻንጣ እያዘጋጀች ነው» አለ ሹፌሩ።

«ስማኝ ወንድሜ። ነገ ኦፕራሲዮን የለም። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ምርመራ አለ። ምናልባት ያንተ በመድኃኒት የሚድን ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ቃል አልገባልህም።»

ሹፌሩም «ትላንት የለም ብለውኝ ነበር» አለ።

ዛሬ የተገኘ ነገር ነው ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ነበረ» አለ። «እኔ ነኝ ያላወቅሁት።»

«እሺ... እና ያቺ መምህርትስ? ተራ ስንጠብቅ ያገኘኋት። አምና እርስዎ ኦፕራሲዮን እንዳደረጓት ነገረችኝ፤ ከረጢት አላት። የሷስ ታይቶ ነበር?»

ቀዶ ሐኪሙ ወዲያ ወዲህ ማለቱን አቆመ።

«አልታየም።»

ስልኩን እንደዘጋ በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። ከሕመምተኞቹ የተወሰደው ናሙና ሁሉ በሰም ታሽጎ ላቦራቶሪ ተቀምጧል፤ ዛሬም ሊመረመር ይችላል። የተቆረጠ አይመለስም። ግን ይህ ዓይነቱ ሕመም በዘር የሚተላለፍበት ጊዜ አለና፣ ልጆቻቸውና እህት ወንድሞቻቸው ሳይቀደሙ ሊመረመሩ ይችላሉ።

«የሁለት ዓመቱ ናሙና በሙሉ ይመርመር?» አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ። «ስንት ሰው እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ብዙ ነው።»

የመጠየቂያ ቅጹን አውጥታ መሙላት ጀመረች። «ምክንያት የሚል አለ። ለጥናት ልበል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስሞሉኝ።»

ለጥናት ቢባል ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ያመሰግኑታል።

«አምጪው፣ እኔ ልሙላው» አለና እስክሪብቶውን ተቀበላት። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ቀስ ብሎ ጽፎ አያውቅም፤ ማንም ሊያነበው በሚችል ጽሕፈት፣ «ሐኪሙ ማዘዝ የነበረበትን ምርመራ ስላላዘዘ» ብሎ ጻፈና ሙሉ ስሙን ከሥሩ አሰፈረ።