የቢጫው ስልክ ዕጣ

አለምነሽ አንድ ጊዜ አልሁ ካለች አለች ነው። ኮኪት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው ግን ጓደኛዋ አገኘሽ ናት፤ የጎዳቻትም በዚያው በምታውቀው በኩል ገብታ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ከየእርሻው ሰሊጥ እየገዙ ለጎንደር ነጋዴ የሚያስረክቡ ሸሪኮች ነበሩ። አገኘሽ የአለምነሽን አንድያ ልጅ የህሊናን ክርስትና ያነሳችም ናት። ግቢያቸውን የሚለየው የሽመል አጥር ነው፤ በርበሬ ያለቀባት በአጥሩ ላይ እጇን ትሰዳለች፣ ያመማት በአጥሩ ላይ ትጣራለች። ሰው አንዷን ለብቻዋ ካየ "ሌላዋ የት ሄደች?" ብሎ ነው የሚጠይቅ።

ህሊና ነርስነት ልትማር ጎንደር በገባች ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ፊቷን እያዩ እንዲያወሯት ተች ስልክ እንግዛ ተባባሉ። ከሱዳኗ ገላባት ዕቃ እያመጣች መተማ ዮሐንስ ላይ የምትሸጥ ዘሊካ የምትባል ሴት አለች። ሁለት አንድ ዓይነት ስልክ አለኝ ብላ አስነገረች፤ አገኘሽ ሄዳ ይዛ መጣች። ካርቶኑ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ሲመዝኑት እንኳ አንድ ነው።

"ምረጭ" አለች አገኘሽ።

"መንታ ምኑ ይመረጣል? አንች ደስ ያለሽን አንሽ።"

"አንስቼ ነገ ያንችው ይሻል ነበር ብትይኝስ? ዕጣ ይጣልበት እንጅ።"

ዕጣ ሲባል አለምነሽ ደስ አላት። እሷ ባደገችበት አገር ለበዓል በሬ ታርዶ ቅርጫው ሲመደብ በየመደቡ ላይ ዕጣ ይጣላል። ከዚያ ወዲያ አንገትን አስግጎ የጎረቤትን መደብ ማየት ነውር ነው። አባቷ አንድ ፋሲካ አጥንት ብቻ የሆነ መደብ ደርሶት፣ ትንፍሽ ሳይል ተሸክሞ ቤቱ የገባ ሰው ነበር። እሷም እሱን ነው የወጣችው።

አገኘሽ ከደጅ ባጃጁን የሚያጥበውን ምንይችልን ጠራችው። በየገበያው የሚያመላልሳት እሱ ነው። የዕጣ ወጉ ጣዩ የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ነውና፣ እሱ ሳይገባ አለምነሽ ከነጠላዋ ጥለት ክር መዘዘች፣ አገኘሽ የጸጉሯን ሽቦ ነቀለች። ምንይችል ገባና ሁለቱን ምልክቶች ተቀብሎ ክሩን በግራው ካርቶን ላይ፣ ሽቦውን በቀኙ ላይ አኖረ። ቀና ብሎም ሳያያቸው ወደ ባጃጁ ተመለሰ።

"የእግዜር ምርጫ ነው" አለች አገኘሽ፣ የቀኙን ከፍ አድርጋ እየሳመች።

የአለምነሽ ስልክ ሲበራ ላዩ ደህና ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን እርድ የነካ እጅ የዳበሰው ይመስል ቢጫ ይላል። በግራ ጥጉ በኩል ደግሞ ቀላ የምትል ነገር አለች። አለምነሽ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ስልክ ይዛ አታውቅም፤ ስልክ እንዲህ ነው ብላ ተቀበለችው። ዓይንም ለማዳ ነው፤ ሁለት ገበያ ሳይውል ቢጫው መታየቱን ተወ። የአገኘሽን ስልክ ጠጋ ብላ አይታ አታውቅም። የሰው መደብ ነዋ።

ክረምቱ አለፈ፣ ሰሊጡ ታጨደ። ነዶው በየማሳው ቆሞ እየተደገፈ ሂላ የሚሉት ክምር ሆነ፤ ደርቆ እስኪራገፍ ድረስ ያገሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሰማይ ሰማዩን ነው፣ አንዲት የጥቅምት ዝናብ ካገኘችው ነጩ ሰሊጥ ይጠቁራልና። በዚያ ሰሞን ጋሽ ጀምበሩ ልኮ ነገ አራግፋለሁ አላቸው። ጋሽ ጀምበሩ ከወሎ የመጣ ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ የሱን ያህል የነጣ ሰሊጥ በዚያ አካባቢ አይገኝም። የሱም ወግ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያው ነዶ ሲገለበጥ አጠገቡ ለቆመ ነው የሚሸጠው። በስልክ አይሸጥም፣ በወኪል አይሸጥም። "ላቤን ያላየ ሰሊጤን አይወስድም" ይላል። ሁለቱ ሴቶች በየዓመቱ ጎን ለጎን ይቆሙለት ነበር።

በዚያው ቀን ጠዋት ህሊና ፎቶ ላከች። ነጭ ጋዋን ለብሳ ደረጃ ላይ ከታች ተቀምጣለች፣ ጓደኛዋ ከኋላዋ ከላይ ቆማለች። አለምነሽ ስታየው ልቧ ዝቅ አለ። የላይኛዋ ልጅ ዓይኗም ጥርሷም ወተት ነው። የታችኛዋ፣ የሷዋ ልጅ፣ ፊቷ ቢጫ፣ የዓይኗ ነጩ ቢጫ። በአንድ ፀሐይ፣ በአንድ ደረጃ ላይ፣ አንዷ ጤነኛ አንዷ በሽተኛ!

ደወለች። "ደህና ነኝ እማዬ፣ ፈተና ስለሆነ ትንሽ ደክሞኝ ነው እንጅ" አለች ህሊና።

ደክሞኛል! አለምነሽ የፈለገችው ይችን ቃል ነበር። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደል? የገዛ ወንድሟ እንዲህ ደከመኝ ደከመኝ እንዳለ ነው በዚያው የቀረ። ስልኩን እንደያዘች ወደ አጥሩ ሮጠች።

"አገኘሽ! አንች አገኘሽ! ልጄን አየሽልኝ?"

አገኘሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ህሊና ለክርስትና እናቷም ልካ ኖሯል፤ አገኘሽ የራሷን ስልክ ከጉያዋ አውጥታ ቁልቁል አየችው።

"እውነትሽን ነው እቴ። ጠዋት አይቼው ነበር፤ እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።"

"ቢጫ ናት አይደል?"

"ዓይኗ ልክ አይደለም። ሂጅ እንጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"የጋሽ ጀምበሩ ሰሊጥስ?"

"ወይ አንች! እኔ ሞቻለሁ? ላንችም ለእኔም ሆኜ እቆማለሁ። ልጅ ነው ወይስ ሰሊጥ?" አለችና በአጥሩ ላይ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። አለቀሰችም። ይህ ነው ኋላ አለምነሽን እንቅልፍ የነሳት፤ እንባው እውነተኛ እንባ ነበር።

በመጀመሪያው መኪና ተሳፈረች። ከገንዳ ውሃ እስከ ነጋዴ ባሕር፣ ከአይከል እስከ አዘዞ የተሳለችው ስለት ለስንት ቤተ ክርስቲያን እንደሚደርስ እሷም አታውቀውም። ጎንደር መናኸሪያ ስትወርድ ህሊና ቆማ ትስቃለች። አለምነሽ ሰላምታም ሳትሰጣት አገጯን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችና የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ቁልቁል ጎተተች። ዓይኗ እንደ ጨው ነጭ ነው።

"እማዬ፣ ሰው ያያል! በግ ልትገዥ ነው እንዴ?"

"ምላስሽን አውጭ።"

"ኧረ አላወጣም!"

ኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠው ህሊና የእናቷን ስልክ ተቀብላ ፎቶውን አየችና ደነገጠች፤ ወዲያው የራሷን አወጣችና ጎን ለጎን አኖረቻቸው። በህሊና ስልክ ላይ ህሊና ደህና ናት። ከዚያ በእናቷ ስልክ ላይ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አጉልታ የራሷን ፊት ከታች ወደ ላይ ገፋችው። ፊቷ ወደ ላይ ወጣ፣ ጠራ። ቢጫው ግን አብሮ አልወጣም። እዚያው ታች ቀርቶ በጋዋኑ ላይ ተኛ።

"አየሽ እማዬ? ቢጫው እኔ ላይ አይደለም። መስታወቱ ላይ ነው። አንዳንዱ ሲሠራ እንዲህ ሆኖ ይወጣል።"

አለምነሽ እፎይ ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

"አገኘሽም በራሷ ስልክ አይታሽ ዓይኗ ልክ አይደለም ብላኛለች እኮ።"

"እንግዲህ የሷም እንዲህ ይሆናላ። መንታ ናቸው አላላችሁም?"

"ይሆናል" አለች አለምነሽ። በማግስቱ ጠዋት ቁልቁል ወደ ቆላው ስትመለስ ይችን አንዲት ቃል ነበር የያዘች። ሙቀቱ እየጨመረ፣ መስኮቱ እያቃጠለ፣ እሷ "የሷም እንዲህ ነው፣ ቢጫ ነው" ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ዕቃ ተበላሽቶ እንዲገኝ እንዲህ ለምና አታውቅም።

ኮኪት ወርዳ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ ጋሽ ጀምበሩ ማሳ ሄደች። ሂላው ግማሹ ተራግፏል። ከደጋ ለሥራ የወረዱት ሳሉጎች ነዶ እየገለበጡ ሸራው ላይ ይመታሉ፣ ሰሊጡ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። የተሰፋው ጆንያ አንድ አይሱዙ ላይ እየተጫነ ነው። መኪናውን አታውቀውም፤ የደንበኛቸው የጎንደሩ ነጋዴ መኪና አይደለም። አገኘሽ ጥላ ይዛ ቆማለች፣ ምንይችል ባጃጁ ላይ ተቀምጧል።

ጋሽ ጀምበሩ አያትና ላቡን ጠረገ። "እንዴ አለምነሽ! እንኳን ልጅሽን እግዜር ማረልሽ። ንግዱን ትተሽ እዚያው ልትቀመጭ ነው ተብሎ አዝኜ ነበር።"

"ማን አለዎ ጋሼ?"

ሽማግሌው ወደ አገኘሽ አየ። አገኘሽ ጥላዋን ወደዚህኛው ትከሻ አዛወረች።

አለምነሽ ስለ ሰሊጡም ስለ መኪናውም ሳትጠይቅ እጇን ዘረጋች። "ስልክሽን አምጭው።"

"ምን ሊያደርግልሽ? ልጅቱ እንዴት ናት?"

"አምጭው አልሁ።"

"ባትሪው ሞቷል እኮ።"

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ስልኩ ከጉያዋ ጮኸ። ሳሉጎቹ ሳቁ። አንዱማ "ሞቶ ተነሳ!" አለ። አገኘሽ ግን አልሳቀችም። አውጥታ ሰጠቻት።

አለምነሽ ሁለቱን ስልኮች በአንድ ጆንያ ላይ አስተኝታ፣ ጎንበስ ብላ ፀሐዩን ከለለችባቸውና የህሊናን ፎቶ በሁለቱም ላይ ከፈተች። ስትፈራ ስትቸር አየች። የአገኘሽ ስልክ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። ህሊና እዚያ ውስጥ ዓይኗ ጨው መስሎ ትስቃለች።

"ከዚህ ውስጥ ነው ልጄን በሽተኛ ያደረግሻት?"

"አንች ስትደነግጭ እኔም ደነገጥሁ… ለእኔም ቢጫ መሰለኝ…"

"ጠዋት አይቼው ነበር ነው ያልሽኝ። እኔ ሳልደነግጥ በፊት።"

አለምነሽ ከነጠላዋ ጥለት ክር መዘዘች። "በልጄ የዋሸ በዕጣም ይዋሻል። ዕጣው ይደገም። ምንይችል፣ ና ወዲህ! ምልክትሽን ስጭው አገኘሽ።"

"አብደሻል? ሰው ፊት ለስልክ ብለሽ?"

"ስጭው!"

አገኘሽ ሽቦውን ከጸጉሯ ነቀለች። ምንይችል ክሩንና ሽቦውን ተቀብሎ ከስልኮቹ ፊት ቆመ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ግራ ገባው። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ አገኘሽ ቀና ብሎ፦

"ሽቦውን በየትኛው ላይ ላድርገው እትዬ?" አላት።

የነዶው ድምፅ ቆመ። ዕጣ ጣይ በየትኛው ላድርገው ብሎ ሲጠይቅ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ምንይችል የተናገረው ነገር ለራሱም የገባው ኋላ ነው፤ ክሩ ከእጁ ወደቀ።

"ይማሩኝ እትዬ አለም" አለ። "ያን ጊዜ በቀኙ ላይ አድርግ ብላኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ።"

አገኘሽ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። "ዘሊካ ጋ ሁለቱንም አብርቼ አየሁት። ሌላ የላትም ነበር። ቢጫው ለአንዳችን መድረሱ ላይቀር… አንች እኮ ዕጣ ነው ከተባልሽ ምንም አትይም ብዬ ነው።"

"ልክ ነሽ፣ አላልሁም" አለች አለምነሽ። "ቢጫው ይድረስሽ ብትይኝም ምንም አልልሽም ነበር። በልጄ ግን? ክርስትናዋን ባነሳሽው እጅ?"

አገኘሽ ነጩን ስልክ አንስታ ዘረጋችላት። እንባዋ ይወርዳል፣ ያ የአጥሩ ላይ እንባ። "እንች፣ ውሰጅው። በእናትሽ ውሰጅው።"

አለምነሽ የራሷን ቢጫ ስልክ አነሳች፣ አቧራውን ጠረገች፣ ጉያዋ ከተተች። ጋሽ ጀምበሩ ጉሮሮውን ጠረገና "ልጄ፣ እኔ የቆመውን አይቼ ሸጥሁ፤ ቃሌን አላጥፍም" አላት፣ ድምፁ አፍሮ።

"አያጥፉ ጋሼ። የቆመችው እሷ ናት" አለችና በእግሯ ወደ ኮኪት ተመለሰች። ምንይችል ባጃጁን አስነስቶ እስከ ከተማው መግቢያ ከኋላዋ ቀስ እያለ ተከተላት፤ ዞራ አላየችውም።

በሳምንቱ አጥሩ ላይ እሾህ ደረበችበት። ህሊና ሌላ ስልክ ላምጣልሽ ብትላት "ዕጣዬ ተሰርቋል እንጅ ቃሌ አልተሰረቀም፣ የተቀበልሁትን እይዛለሁ" ብላ እምቢ አለች። ሰው እንዲህ ያለ እልህ ምን ይረባል ይላል፤ ይበል።

አሁንም ህሊና ፎቶ ትልካለች። አለምነሽ ቢጫው ከመስታወቱ እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ልጇን በጣቷ ወደ ላይ ትገፋታለች፣ ቢጫው ታች ይቀራል። ያም ሆኖ ከመግፋቷ በፊት ባለችው በዚያች ትንፋሽ ልቧ ዝቅ ይላል፤ ስልኩን ይዛ ተነስታ ወደ አጥሩ ትራመዳለች። እሾሁ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ከወዲያ በኩል አገኘሽ ዕቃ ስታጥብ ይሰማታል። "ባንችስ ስልክ ላይ ቢጫ ናት?" ብላ የምትጠይቀው ሰው የላትም።