የታጠበው ካቴና

የብስክሌቷ ካቴና ቀጭ ብሎ ሲበጠስ ለተኪዳን የሩዋንዳን ዳገት እያጋመሰች ነበር። ፔዳሉ በባዶ ዞረባትና መንገዱ ዳር ጭቃማው ሣር ላይ ዘፍ አለች።

የብስክሌት ቡድኑን ከኋላ የሚከተለው ፒክአፕ ቆመ። የቡድኑ ሰብሳቢ ቴዎድሮስ ከጋቢናው ወረደ። ፒያሳ ላይ ለጉዞው ሲዘጋጁ ከሁሉም ቀድሞ አዲስ ቁምጣ የገዛው እሱ ነበር፤ ግን ሩዋንዳ ገብተው መንዳት ከጀመሩበት ቀን አንስቶ "ላስተባብር" ብሎ መኪና ውስጥ ነው።

"ትርፍ ካቴና የለም፤ ያለውን ትናንት ለቡሽራ ሰጥተነዋል" አለ። "በቃ፣ ግቢ።"

"ነገስ?"

"ደንቡን ታውቂዋለሽ። አንዴ መኪና የገባ እስከ መጨረሻው በመኪና ነው።"

ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው። ነገ ደግሞ የጉዞው የመጨረሻ ቀን ነው፤ ቡድኑ ኪቩ ሐይቅ የሚደርስበት። ለተኪዳን የመጣችው ለዚያ ቀን ነው። ፒያሳ የነበረው አሮጌ ቤታቸው ፈርሶ በቦታው የብስክሌት መንገድ ሲሠራ፣ "ቤቴ ላይ ካለፈ እኔም አልፍበታለሁ!" ብላ በሃምሳ ዓመቷ ብስክሌት መንዳት ተማረች። አብረዋት መነጽር ቤት የሚሠሩት "በመኪና ተጭነሽ ነው የምትደርሺው" እያሉ ሲስቁባት፣ "ሂጂ" ያሏት እናቷ ብቻ ነበሩ።

ቴዎድሮስ የተበጠሰውን ካቴና አንስቶ አገላበጠው። "ዝጓል እኮ! ጠብታ ቅባት የለውም። ምን አድርገሽው ነው?"

ልትመልስለት ስትል ስልኳ ጮኸ። እጇ በጭቃ ተለውሶ ስለነበር ድምፁን ከፍታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ለተዬ፣ ደረስሽ?" አሉ እናቷ ወይዘሮ አዳነች።

"መንገድ ላይ ነኝ እማዬ።"

"ሳይክልሽን አየሽልኝ? ያንን ጥቁር ቅባት በፈላ ውሃ፣ በሳሙናና በሽቦ ፈትጌ አወጣሁልሽ እኮ። ሰው አገር በቆሻሻ ትሄጃለሽ እንዴ ብዬ። ወገቤ እስኪቆረጥ ነው ያሸሁት!"

ቴዎድሮስ ሳቁ አመለጠው። አፉን ሲከፍት ለተኪዳን በጭቃማ ጣቷ ዝም አሰኘችው።

"አየሁት እማዬ። እዚህም ስለሱ ነው የሚወራው።"

"እሰይ! በይ አታቆሽሺብኝ።"

ስልኩ ሲዘጋ ለተኪዳን ተነሳች። ካቴናውን ከቴዎድሮስ እጅ ተቀብላ በመሐረቧ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ከዳገቱ ማዶ ሙሳንዜ ከተማ ጋራዥ አለ አይደል?"

"አለ፤ ግን ይሄን ዳገት እንዴት አድርገሽ?"

"በእግሬ። በእግር የሄደ ነገ አይነዳም የሚል ደንብ አለህ?"

ቴዎድሮስ ወደ ጋቢናው ተመለሰ። እሷ ብስክሌቷን ይዛ መግፋት ጀመረች። ከጎኗ አንድ ሰው ሁለት ጆንያ ድንች የጫነ ብስክሌት እየገፋ ነበር። በቋንቋው አንድ ነገር አላት፤ እሷም በአማርኛ "ምን ይደረግ ወንድሜ!" አለችውና አብረው ሳቁ። ባቷ ተቃጠለ፤ ጫማዋ ተረከዟን ላጠው። ፒክአፑ በየመታጠፊያው በሩን ከፍቶ ሲጠብቃት እያየችው አለፈች። ተናዳለች፤ ንዴቷም ገፋላት።

ዳገቱ ጫፍ ስትደርስ ሙሳንዜ ከታች ታየች። ቴዎድሮስ ለመጨረሻ ጊዜ በሩን ከፈተ።

"በፈጠረሽ ግቢ፤ ሰው ይታዘበናል።"

"ጋቢናው ያንተ ነው፤ ተመቻችተህ ተቀመጥ" አለችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ቁልቁለት ካቴና አይፈልግም። ፍሬኗን ለቀቀችው፤ ነፋሱ ጃኬቷን ነፋው፤ መኪናውን ከኋላዋ ጥላ ስትወርድ እንደ ልጅ ጮኸች።

ከተማው መግቢያ ላይ ቀድመዋት የደረሱት ጓደኞቿ በጭብጨባ ተቀበሏት። ቡሽራ ስልኩን አውጥቶ ለፎቶ በቀኝ በኩል ዞረ።

"ቆይ ቡሽራ፤ ለእናቴ የምልከው ነው" አለችው፣ ካቴና የሌለበትን ቀኝ ጎን በእግሯ እየከለለች። "በግራ በኩል አንሳኝ።"